ኳሷ በጀማል እጅ ሳለች

በሥራው የመጀመሪያ ቀን ስምንቱ የቡድኔ ሰው ቆሞ እኔ ብቻ ቁጢጥ አልኩ። ሥራዬ ያ ነበር። በቤዝቦል ቀላቢ ማለት ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ወርዋሪው የሚልካትን ኳስ በቆዳ ጓንት የሚይዝ ሰው ነው። ፊቱ ላይ የብረት ጭንብል፣ ደረቱ ላይ ፍራሽ የሚያህል መከላከያ፣ ቅልጥሙ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያስራል። ያን ሁሉ አስረውብኝ ሲጨርሱ መድፉ ብቻ ነው የቀረኝ እንጂ ታንክ ሆኜ ነበር።

ቦታው ኢስት ዮርክ ያለ መናፈሻ ነው፤ ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ። ቶሮንቶ ከገባሁ የበረዶ ወራት ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለሰባት ትውልድ የሚበቃ ነበር። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ጎረቤቴ በሩ የተንኳኳ እየመሰለው ይከፍት ነበር።

የቀጠረኝ ስካርቦሮ ውስጥ ያለ የወንበር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከሥራ በኋላ የሚጫወት ቡድን ነበረው። ፎርማናችን ኬን የቡድኑም ማኔጀር እሱ ነው፤ በምሳ ሰዓት «ቤዝቦል የሚችል አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው።

«አፍሪካ ውስጥ ቤዝቦል አለ እንዴ?»

«አሥመራ ነው ያደግኩት» አልኩት። «አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈራቸው ውስጥ ሲጫወቱ ቀላቢያቸው የታመመ ቀን የሚጠሩት እኔን ነበር።»

ይሄ እውነት ነው። ጦር ሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሲጎድል ያሰልፉኝ ነበር። ሁለት ጄኔራሎች በእኔ ይገባኛል ሊታኮሱ ነበር የሚለውን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ቀላቢነት ከሩቅ ሲያዩት የተቀመጡበት ሥራ ይመስላል። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚልክ የሚወስነው ቀላቢው ነው፤ በጭኖቹ መሃል ጣቱን ዘርግቶ ይነግረዋል። አንድ ጣት ፈጣንና ቀጥታ፣ ሁለት ጣት መጨረሻ ላይ የምትታጠፍ። ከእያንዳንዷ ኳስ በኋላ ትነሳለህ፣ መልሰህ ቁጢጥ ትላለህ። ጨዋታው ሲያልቅ ጉልበትህ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። የኔ ጉልበት ሲጮህ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ መኪና ይቆም ነበር።

ጀማልን ያገኘሁት ፋብሪካው ጭነት ማውጫ ላይ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው። የተሰበረ የወንበር እግር እያነሳ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ዞር ብሎም ሳያይ፣ ከግቢው ማዶ ያለ በርሜል ውስጥ ይከታል። አንዷም አትስትም።

«የት ተማርከው?» አልኩት።

«ብርቱካን ጫኝ ነበርኩ። እኔ መሬት፣ ሰውየው መኪናው ላይ። አቦ ያ ሰውዬ ሰነፍ ነበር፤ ብርቱካኗ እጁ ድረስ ካልሄደችለት ንቅንቅ አይልም!»

በማግስቱ ሜዳ ወሰድኩት። የመጀመሪያዋን ኳስ የመቺው ጎን ላይ አሳረፋት፤ ሰውየው ተጠቅልሎ ወደቀ።

«ምነው ጀማል! አትምታው እያልኩህ!»

«ዱላ ይዞ ፊቴ ቆሞ? አቦ ተወኝ!»

ካስለመድኩት በኋላ ግን እሱን የሚችል መቺ አልተገኘም። እኔ ጓንቴን አስቀምጣለሁ፣ እሱ ኳሷን እዚያው ያመጣታል። ያ ሰነፍ ሰውዬ እኔ ሆንኩ።

እናቱን «አዬ» ነው የሚላት። ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ መናፈሻው ጥግ ካለው የስልክ ሳጥን ድሬዳዋ ይደውልላታል፤ ጎረቤት ቤት ነው የምትጠራው። ቤዝቦሉን ሊያስረዳት ያልሞከረው መንገድ የለም።

«ዛሬም ወረወርክበት?» ትለዋለች።

«አዎ አዬ።»

«ምን አድርጎህ ነው ግን ሰውየው?»

ይሄን እየነገረን እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እኛም እንስቃለን፤ ቡድኑ ሁሉ «ምን አድርጎህ ነው?» የምትለዋን በአማርኛ ለመዳት። ዴቭ፣ ከኔ በኋላ ቀላቢ የሆነው፣ የፋብሪካውን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳው፣ ትከሻው የመኪና በር የሚያህለው ሰውዬ፣ መቺ በመጣ ቁጥር ከጭንብሉ ሥር በአማርኛ ይጠይቅ ነበር።

ከኔ በኋላ ያልኩት ጉልበቴ ስላለቀ ነው። ኬን ወደ አልበርታ ሲሄድ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ።

«ጉልበትህ አልቋል አሉ» አለኝ።

«አልቋል ጌታዬ።»

«አፍህ ግን አላለቀም። ማኔጀር ሁን።»

ማኔጀር የመቺዎቹን ተራ ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል፤ የዕቃውን ከረጢት ይሸከማል፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ይወስናል። ከሥራዎቹ ሁሉ ከባዱ ወርዋሪ ማውጣት ነው። ወርዋሪው የሚቆመው ሜዳው መሃል ባለች የአፈር ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ድረስ ሰው ሁሉ እያየህ በእግርህ ትሄዳለህ፤ እጅህን ትዘረጋለህ፤ ኳሷን ይሰጥሃል፤ ይወጣል። በአንድ ዙር አንዴ ሄደህ አነጋግረኸው ብትመለስ ይፈቀዳል። ሁለተኛ ከሄድክ ግን ወርዋሪው የግድ ይወጣል። ደንቡ ነው።

ማኔጀር በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ለዋንጫ ደረስን። ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ጋሽ መኮንን ፋብሪካው በር ላይ ታክሲያቸውን አቁመው ጠበቁኝ። ጋሽ መኮንን በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ኤርፖርት ነው የሚሠሩት። ሰውን በነፃ ሊጭኑ አይመጡም።

«ከጅቡቲ ተደውሎልኝ ነበር» አሉ። «የጀማል እናት አርፋለች። ተቀብራለች።»

እሳቸው ቤት ተሰበሰብን። ያን ጊዜ እዚህ የነበርን አበሾች ብንታጨቅ አንድ አሳንሰር እንሞላ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያው ነው። ወይዘሮ ፋጡማ አሉ፣ የጎንደሯ እትዬ አልማዝ አሉ።

«ማን ያረዳዋል?» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ።

«ሁላችንም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ቤቱ እንሄዳለን» አሉ ጋሽ መኮንን። «ዌስተን ሰፈር ያሉትም ይድረሱ። የሚበላም ይዘጋጅ።»

«ቅዳሜ ጨዋታ አለው ጋሽዬ» አልኩ።

«ያ ዱላ ያለበት ነገር?»

«አዎ። የዋንጫው ነው።»

«አስቀርልኛ!»

«ለምን ካለኝ ምን እመልስለታለሁ?»

«እንግዲያው ይጫወት» አሉ ጋሽ መኮንን በመጨረሻ። «አንተ አለቃው ነህ፤ ከሥሩ አትጥፋ። ስልክ ጋ እንዳይደርስ።»

ዓርብ ጀማል ቀኑን ሙሉ ያፏጭ ነበር። «ነገ ዋንጫውን ይዤ ነው ለአዬ የምደውልላት» አለኝ። እኔ፣ ለቀልድ የማልቸገረው ሰውዬ፣ የወንበር ብሎን ወድቆብኝ የምፈልግ መስዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

ለዴቭ ካልነገርኩት እንደማይሆን ገባኝ። ከጨዋታ በኋላ እስከ ስልክ ሳጥኑ አብሮት የሚሄደው እሱ ነው። ቅዳሜ መኪና ማቆሚያው ላይ ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት።

«ሞታለች? ሁላችሁም ታውቃላችሁ? እሱ ብቻ ነው የማያውቀው?»

«እሱ ብቻ።»

«እናቱ ናት እኮ ጌታቸው! አሁን ሄጄ እነግረዋለሁ።»

ክንዱን ያዝኩት፤ ዛፍ የያዝኩ ያህል ነው። «ከዚያስ? የት ወድቆ ያልቅስ? አስፋልቱ ላይ? እኛ ዘንድ ሰው መርዶ ብቻውን አይሰማም። መጀመሪያ የሚይዘው ሰው ይሰበሰባል፤ ከዚያ ይነገረዋል። ነገ ጠዋት ሁሉም ይይዘዋል። ዛሬ ያለነው አንተና እኔ ነን።»

«አንተና እኔ አንበቃም?»

ዴቭ ጭንብሉን አጠለቀ፤ ጨዋታው እስኪጀመር ገና ብዙ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ጥፋት የሠራው ፍቅር ነው። በኛ ጨዋታ ላይ የሚገኙት ተመልካቾች የዴቭ ሚስትና አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ነበሩ። ያን ቀን ግን አበሻ ሁሉ መጣ። ብቻውን እንዳይሆን ብለው ነው፤ ማንም ማንንም አላማከረም። ጋሽ መኮንን በሙሉ ልብስ፣ ወይዘሮ ፋጡማ ከነልጆቻቸው፣ ከዌስተን ሳይቀር መጥተው ወንበሩን ሞሉት። እንደ ለቅሶ ቤት እጃቸውን አጣምረው ቁጭ አሉ።

ጀማል ሲያያቸው በደስታ ሊበር ደረሰ። «አቦ ጌታቸው! አበሻ ሁሉ ቤዝቦል ወደደ! ጋሽ መኮንን እንኳን!»

እንደዚያ ቀን ወርውሮ አያውቅም። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አትታይም ነበር፤ ዴቭ ጓንት ውስጥ ስትፈነዳ ብቻ ትሰማለህ። ይሄ ማጋነን አይደለም፤ ምስክሩ እኔ ብቻ ብሆን አጋነንክ ባላችሁኝ ነበር፤ ግን ዳኛው ራሱ ተናግሮታል። ዴቭ ጣቱን ይዘረጋል፣ ይይዛል፣ ይመልሳል። ከጭንብሉ ሥር ጉንጩ እርጥብ ነበር። «ምን አድርጎህ ነው?» የምትለዋን ያን ቀን አንዴም አላላትም።

የመጨረሻው ዙር ደረሰ። በአንድ ነጥብ እየመራን ነው። ሦስት መቺ ካስወጣን ዋንጫው የኛ ነው።

እትዬ አልማዝ ያኔ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ፀሐዩ በርትቶባቸው ወደ ጥላ ሊዞሩ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት፤ እንደ ሐዘንተኛ። አስበው አይደለም። ጠዋት ሲወጡ ልባቸው ሐዘን ላይ ነበር፤ እጃቸው ልባቸውን ተከተለ።

ጀማል አያቸው። ከዚያ ዞሮ ሌሎቹን አያቸው፣ አንድ በአንድ። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ አንድም ሰው እንዳላጨበጨበ ያኔ የገባው ይመስለኛል።

ቀጣይዋ ኳስ ከዴቭ ጓንት ክንድ ያህል ራቀች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱም። አራት ኳስ እንዲህ የራቀበት መቺ በደንቡ በነፃ ያልፋል፤ ሰውየው ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ወደ መጀመሪያዋ ማረፊያ፣ ሄደ፤ የሚከተለውም እንዲሁ። ዳኛው ወደኔ ተመለከተ። ወደ ጉብታው ሄድኩ።

ጀማል ኳሷን ከጀርባው ይዟታል።

«ልትወስዳት ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«እንዴት ነህ ልልህ ነው።»

«ከሰጠሁህ ትነግረኛለህ። አይደል?»

«ጀማል...»

«ካልሰጠሁህ ምንም አልሰማሁም። አይደል?»

ጫማዬን አየሁ።

«እንግዲያው ተመለስ» አለኝ። «ትንሽ ልወርውር።»

ተመለስኩ። ሁለት መቺ አስወጣ። እንዴት እንዳስወጣቸው አላውቅም፤ ዴቭም አላውቅም ይላል። ዴቭ ጣቱን መዘርጋት ትቶ ነበር፤ ጓንቱን ብቻ መሃል ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አንድ ሰው ቀረ። ሦስተኛው መቺ ዱላውን አስተካክሎ ቆመ።

ጀማል ኳሷን አገላብጦ አያት። ከዚያ ክንዱን አነሳና በእጁ ጠራኝ።

ሁለተኛ ከሄድኩ መመለሻ እንደሌለው እሱም ያውቃል። ያ ሜዳ ከስካርቦሮ እስከ ዌስተን የሚረዝም ሆነብኝ። ስደርስ እጄን ዘረጋሁ፤ ኳሷን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ትሞቅ ነበር።

«አዬ ናት?»

«አዬ ናት።»

ጉብታው ላይ ቁጢጥ አለ። ቀድሞ የደረሰው ዴቭ ነው፤ ጭንብሉን እንኳ ሳያወልቅ ከኋላ አቀፈው። ከዚያ ጋሽ መኮንን ነጩን መስመር በሙሉ ልብሳቸው ተሻግረው መጡ፤ ከኋላቸው ሁሉም። ዳኛው «ከሜዳ ውጡ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ዴቭ ሁለት ቃል ነገረው። ዳኛው ቆቡን አወለቀ። የተጋጣሚዎቻችን ልጆችም አወለቁ። በዚያ መናፈሻ ውስጥ የድሬዳዋና የጎንደር ለቅሶ አብሮ ተለቀሰ።

ጨዋታው በኋላ ተጨረሰ። ተጠባባቂው ወርዋሪ የላካትን የመጀመሪያዋን ኳስ መቺው ከአጥሩ ማዶ አሻገራት፤ እሱም ቤዝ ላይ የነበሩት ሁለቱም ነጥብ ሆኑ። ተሸነፍን።

እሑድ ጎህ ሲቀድ እንደ ውሳኔያችን ጀማል ቤት ሄድን። ዴቭ ቀድሞን ደርሶ ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

ጀማል ከዚያ በኋላ አልወረወረም። ቀኝ እጁ ደህና ነበር። ከጊዜ በኋላ ጭነት ማውጫው ላይ አብረን ምሳ ስንበላ ጠየቀኝ።

«ከሐሙስ ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ቀን እሷን ደስ ይላታል እያልኩ ነው የወረወርኩት» አለ። «ያንን ቀን ሰጣችሁኝ ወይስ ሰረቃችሁኝ፣ አላውቀውም ጌታቸው። ብዙ አስቤበታለሁ። አላውቀውም።»

እኔም አላውቀውም። ዴቭም እስከ ዛሬ ይከራከረኛል፤ እሱም ያውቃል ብዬ አላምንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ማኔጀር ሆኛለሁ፤ ከብዙ ሰው እጅ ኳስ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ሥራ እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ነገር ትንሽ ነው። ሰው ለመውረድ ሲዘጋጅ ራሱ ይጠራሃል። ያኔ አታስጠብቀው።