ፍጹም ቅጣት ምቱና የእናቴ ሲንቄ

ሰውዬው ቴሌቪዥን ላይ በቀረበ ቁጥር «ሰላምን በኳስ የጀመርኩት ጎባ በማስተምርበት ጊዜ ነው» ይላል። ከዚህ ውስጥ እውነቱ ጎባ ማስተማሩ ብቻ ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት ሲመጣ ነው።

ሁለታችንም የስፖርት መምህራን ነበርን። የሮቤና የጎባ ልጆች በተጋጠሙ ቁጥር ድንጋይ ስለሚወራወሩ፣ ሁለቱን ከተማ ቀላቅዬ ማጫወት የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሱ ያኔ «ኳሱን የሠርግ ጭፈራ አደረግሽው» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሐሳቡን ይዞ ወረዳ ገባ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ፓርላማ። እኔ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ሌላው ነገራችን የምለው የለኝም።

አምና ለሰላም ጨዋታ ሮቤ ሲመጣ ሄድኩ። የፈለግኩት ሐሳቡ የማን እንደነበረ በራሱ አፍ እንዲናገር ነው። ለማንኛውም ብዬ በሠርጌ ዕለት እናቴ የሰጠችኝን ሲንቄ ያዝኩ። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት። ያገባች ሴት በተጣሉ ሰዎች መሀል ካጋደመቻት በእኛ አገር ማንም አይሻገራትም፤ ያጋደመቻት ሴት እሺ ብላ እስክታነሳት ሁሉም ባለበት ይቆማል።

ሰውዬው ቁምጣ ለብሶ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ ገባ። ብዙም ሳይሮጥ ማንም ሳይነካው ወደቀ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠው። መታ። ኳሷ ከግቡ በላይ አልፋ ስንዴ ማሳ ውስጥ ገባች።

«ነፋስ ነው፤ ይደገም» አለ።

ተደገመ። በረኛው ያዘበት።

«ተንቀሳቅሷል፤ ይደገም።»

በረኛው የጎባ ልጅ ነው። «ክቡርነትዎ፣ እንግዲህ እኔ ልውጣልዎት?» አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። ከሰውዬው ጋር ከአዲስ አበባ ከመጡት አንዱ በረኛውን ማልያውን ይዞ ጎተተው፤ የጎባ ደጋፊ ሜዳ ገባ፤ የሰላሙ ጨዋታ ቡጢ ሆነ። እኔም ገብቼ ሲንቄዬን በኳሷና በግቡ መሀል አጋደምኳት።

ሁሉም ቀጥ አለ። ማልያ የያዘው እንኳ ሌሎቹን አይቶ እጁን ሰበሰበ።

«እንጨቱን አንሱትና ይቀጥል እንጂ» አለ ያው ከአዲስ አበባ የመጣው።

«አንተ አንሳዋ» አለው በረኛው። ማንም አልነካትም።

ሰውዬው ቀረበኝ። ሕዝብ ፊት ስንሆን ከአንቺ ወደ እርስዎና ወደ «አዴ» ከፍ ብያለሁ። «አዴ፣ ምን እናድርግልዎት?»

«ቀላቅሎ ማጫወትን ማን ጀመረው?»

«እሱን በኋላ ብንነጋገር...»

«እኔ አልቸኩልም።»

ከደጋፊው መሀል አንድ ሽማግሌ «ኧረ ተናገር ልጄ፣ ብርዱ ጨረሰን» አሉ።

ማይክሮፎን ተቀበለ። «የጀመሩት እሳቸው ናቸው» አለ፣ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው። ደስታዬን አላሳየሁትም። መርቄ ሲንቄዬን አነሳሁ። በረኛውም ለክብር ብሎ ወደ ጎን ቆመለት። ሰውዬው ተንደርድሮ መታ፤ ኳሷ የግቡን ቋሚ ገጭታ ወደ እሱ ተመለሰች። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

ማታ በዜና «የተከበሩት የምክር ቤት አባል የሲንቄ ሥርዓት የታከለበት የሰላም ጨዋታ አዘጋጁ» ተባለ። ማይክሮፎን ይዞ የተናገረው ተቆርጧል። ሲመታ ታየ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ታየ። በመሀል የሆነውን ስላላሳዩት እዚህ ጻፍኩት፤ የተጨበጨበው ለቋሚው ነው።