አሮጌዋና አዲሷ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ፣ ከደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ከሞተር ሳይክል ወደቅሁ። የቀኝ ክርኔ ተላጠ፤ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ሌላ ጉዳት የለም። አጎቴ አልወደቁም።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ያስቀመጥሁት በምክንያት ነው። ጉዞው የተደረገው እሳቸው ይወድቁ እንደሆነ ለማየት ነበር።

አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። ከቢቸና ተነሥተው የክትባቱን ሳጥን ከኋላ አስረው የማይደርሱበት ቀበሌ አልነበረም። ሞተር ሳይክሏ በደርግ ጊዜ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣች ናት። መሥሪያ ቤቱ ያረጁ ንብረቶችን በጨረታ ሲያስወግድ አጎቴ ገዟት። ባለፈው ክረምት ጭቃ ላይ ወድቀው የግራ ጉልበታቸው ተጎዳ። አሮጌዋ የምትነሣው በርግጫ ብቻ ነው፤ መርገጫዋም በግራ በኩል ነው።

ልጃቸው ሞጣ ነርስ ናት። በጣት የምትነሣ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝታ በአይሱዙ አስጭና ላከችላቸው። በማግሥቱ ደወለች። አጎቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ስላደረጉት እኔም እሰማ ነበር።

«አባባ፣ አዲሷን ራስዎ ነድተው፣ አሮጌዋንም አስነድተው ይምጡ። ሳይወድቁ ከገቡ ይዘዋት ይመለሳሉ፤ አሮጌዋ እኔ ጋ ትቀራለች። ከወደቁ ግን ሁለቱም እዚሁ ይቀራሉ።»

«ከዚያ በኋላ በምን ልሄድ?»

«በባጃጅ።»

አጎቴ ስልኩን ዘጉ። «ባጃጅ» አሉ፣ «በሽተኛ የሚጫንበት።»

አሮጌዋን የምነዳው እኔ ሆንሁ፤ ምስክሩም እኔው። የአጎቴ ልጅ በዘመድነቴ ሳይሆን በጋዜጠኝነቴ ነው ያመነችኝ። ለዜና ስዞር በአዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። አሮጌ ነድቼ ግን አላውቅም ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ግቢያቸው ውስጥ አስቀምጠው አስተማሩኝ፤ እኔም ማስታወሻ ያዝሁ።

መርገጫውና ማርሹ አንድ ብረት ነው። ወደ ኋላ ሲታጠፍ ያስነሣል፤ ወደ ፊት ሲመለስ ማርሽ ይሆናል። አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ተጭኖ ይገባል፣ ሌሎቹ በእግር ጣት ወደ ላይ ይነሣሉ። አዲሷ ላይ ሁሉም ወደ ታች ነው። ሲቆሙ የቤንዚኑን መዝጊያ መዝጋት ግዴታ ነው፤ አለዚያ ቤንዚኑ ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ሌላ የዘይት ማጠራቀሚያ የላትም።

«እዚህ ላይ አስምርበት» አሉኝ። «ቁልቁለት ላይ የጋዙን እጀታ ዘግተህ በማርሽ አትውረድ። ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም፤ ሞተሩ ደረቁን እየዞረ ይጣበቃል። ሞተሩ ከጎማው እንዲላቀቅ ፍሪሲዮኑን ያዝና በፍሬን ውረድ።»

አሰመርሁበት።

ሐሙስ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ 1 ሰዓት ላይ ተነሣን። ጾም ስለሆነ ቁርስ የሚባል ነገር አላቆየንም። አጎቴ ፊት፣ እኔ ኋላ።

አሮጌዋ ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው እጁን ነው። መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከቢቸና ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ጣቶቼ ደነዘዙ። ፍሬኗ ተለምኖ ነው የሚይዘው፤ ለመቆም ከማሰብ እስከ መቆም ድረስ አንድ አህያ ከነጭነቷ መንገድ ታቋርጣለች። የፊት መብራቷ ሞተሩ ሲፈጥን ይደምቃል፣ ሲያዘግም ይፈዝዛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ወንበሯ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ጉድጓድ ላይ ክብደቷ ራሱ ያረጋጋታል። እኔ የለመድኋቸው አዲሶቹ ቀላል ስለሆኑ ኮረት ላይ ይዘልላሉ። አሮጌዋ ረግጣው ታልፋለች። ዳገት ላይ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ የሚፈልገውን ማርሽ ይናገራል፤ አንድ ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ የፍጥነት መለኪያውን ማየት ተውሁ። ለነገሩ መለኪያው አይሠራም።

አጎቴ ከፊቴ ሌላ ትግል ላይ ነበሩ። እግራቸው ሁለተኛን ማርሽ ወደ ላይ ይፈልጋል፤ አዲሷ ላይ ወደ ላይ ማለት ፎሌ፣ ማለትም ባዶ ማርሽ ነው። ሞተሩ በባዶው ይጮሃል፣ ጎማው ኃይል ያጣል። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አምስት ጊዜ ቆጠርሁ። እዚያ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆምን። ሴትዮዋ አዲሷን ሞልታ ሳትጨርስ አጎቴ ለአሮጌዋ ቤንዚን የሚቀላቅሉትን የዘይት ብልቃጥ ከኪሳቸው አውጥተው ክዳኑን ከፍተዋል።

«ኧረ አባቴ!» ብላ እጃቸውን ያዘች። «ይቺ እኮ ዘይት አትጠጣም!»

«ጾመኛ ናት በዪኛ» አሉና ብልቃጧን ለእኔ ሰጡኝ።

ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ ታችኛው ጫፍ ላይ ኮረት ፈስሶበታል። አጎቴ ከላይ ሲጀምሩ የሞተራቸው ድምፅ ጠፋ። ገባኝ። ፍሪሲዮኑን ይዘው፣ አሮጌዋን እንደሚያወርዱ እያወረዷት ነበር። አዲሷ ግን ቀላል ናት፤ ሞተሩ ካልያዛት ትሮጣለች። የፊት ፍሬኗ ደግሞ እንደ አሮጌዋ አይለመንም፤ ኮረት ላይ አንቀው ከያዙት ይጥላል። ጥሩንባ ነፋሁ። አልሰሙም። ከዚያ መካከል ላይ የሞተሩ ድምፅ ተመለሰ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቁት። አዲሷ ራሷን ገትታ በዝግታ ወረደች፣ ኮረቱንም በእርጋታ አለፈች።

እኔ እሳቸውን ሳይ ለብዙ ዓመት የለመድሁትን አደረግሁ። ጋዙን ዘግቼ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘኝ ወረድሁ። ኮረቱ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ የሲቃ ድምፅ ወጣ፤ የኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ያሰመርሁበት ማስታወሻ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

አህያ የሚነዱ ሁለት ገበሬዎች ቀድመው ደረሱ።

«ማን ነው የወደቀው? ሽማግሌው?»

«የለም፣ ጎልማሳው ነው።»

«ሽማግሌው በአዲሱ፣ ጎልማሳው በአሮጌው! ምን ዓይነት አሰጣጥ ነው?»

አጎቴ ተመልሰው መጡ። መጀመሪያ ያዩት ሞተሩን ነው፤ ቀጥሎ ክርኔን። «ጋዜጠኛው፣ ጽፈኸው አልነበር?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እንግዲያ ወረቀቱ ይንዳት።»

የሞተሩን ካንዴላ ፈትተው ከብልቃጧ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት አንጠባጠቡ፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ካንዴላውን መልሰው ሲያጠብቁ መርገጥ ጀመርሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ረገጥሁ። አጎቴ አጠገቤ ቆመው ግራ እግራቸው በየርግጫው መሬቱን ይጫን ነበር። አንድ ጊዜ ወደ መርገጫው ቀረቡ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ወደ ኋላ ተመለሱ።

«ቤንዚኑን ዝጋ» አሉ። «ሁለቴ ርገጥ። አሁን ክፈት። ትንሽ ቆይ... አሁን!»

ተነሣች። ጭሱ ገበሬዎቹንና አህዮቹን አለበሳቸው።

ሞጣ 7 ሰዓት ከ40 ገባን። ልጃቸው በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ ወድቀዋል?»

«አልወደቁም።»

«ይሄ ደምስ?»

«የእኔ ነው።»

«ሁለታችሁ መንገድ ላይ ተስማምታችሁ እንዳይሆን።»

ማስታወሻዬን አውጥቼ አነበብሁላት። የወደቅሁበትን ሰዓትና ቦታ። ቀጥሎም አምስት ጊዜ ፎሌ ውስጥ መግባታቸውን፣ የደብረ ወርቁን የዘይት ብልቃጥ፣ የቁልቁለቱን ግማሽ በፍሪሲዮን መውረዳቸውን።

«እሱንም ጽፈኸዋል?» አሉ አጎቴ።

«ጽፌዋለሁ።»

«የዘመድ ምስክር አይሉህም አንተን።»

«የቁልቁለቱ ሌላኛው ግማሽስ?» አለችኝ ልጃቸው።

«በማርሽ ወረዱ። ማንም ሳይነግራቸው።»

አሮጌዋን ራሷ እየገፋች ወደ ግቢ አስገባችና ከግድግዳው አስጠጋቻት። ቁልፏን ተቀበለችን። የአዲሷን ቁልፍ አልጠየቀችም። «ሽሮው ቀርቧል፤ ታጠቡ» አለች።

እኔ ዓርብ በሚኒባስ ቢቸና ተመለስሁ። አጎቴ ሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ15፣ ብቻቸውን ነድተው ገቡ። በራቸው ላይ ነበርሁ። ሞተሩን አጠፉ፤ ግራ እጃቸውን ወደ ታች ሰድደው የቤንዚኑን መዝጊያ ፈለጉ። አዲሷ መዝጊያ የላትም።