የኮምፒዩተሩ ግለ ሂስ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘኑን ዕቃ ገቢና ወጪ በኮምፒዩተር መመዝገብ ጀመርን። ኮምፒዩተሩ ከዲስኩ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መረጃ ያንሳ የሚለውን፣ የብሎክ መጠኑን ማለቴ ነው፣ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። «ለአንዲት ምስማር ሙሉ ሳጥን አንሸከም፤ ትንሹ ይበቃል» አልኩ።

ካድሬያችን ጓድ ታደለ ግን «ትንሽ ማሰብ የንዑስ ከበርቴ ነው!» ብሎ ጉዳዩን ለስብሰባ አቀረበው። ትልቁ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ እኔም እጄን አወጣሁ።

ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዷ ምስማር ሙሉ ሳጥን እየተሸከመ ሥራው ሲንቀራፈፍ፣ ኮምፒዩተሩ ክፍል ውስጥ ለሂስና ግለ ሂስ ተሰበሰብን። «ጥፋተኛው ማነው?» ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። «እሱን ጠይቁት» ብዬ የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ተጫንኩ። ማተሚያው እየጮኸ በእንግሊዝኛ «ስህተት» የሚል ወረቀት ተፋ።

ጓድ ታደለ አነበበውና «ጥፋቱን አምኗል፤ ታርሟል» አለ። ቤቱ አጨበጨበ።

ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጓድ፣ አንተስ?»