ሰባት ጥንድ ጫማ ደጃፌ ላይ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና ግንቦት ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን የምሸሽግበት አጣለሁ። ባለቤቴ አስካለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ስለምታወራው፣ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ እኔው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የጅቡቲን መስመር ተመላልሼበታለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከጭነቴ ላይ ሸራ ተሰርቆብኛል፣ ትርፍ ጎማ ተፈትቶብኛል፣ አንድ ቀን ደግሞ ምሳ በልቼ እስክመለስ የጎን መስታወቴን ነቅለው ወስደውብኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን ትቻለሁ። አስካለ፣ “አንተ እኮ የራስህን ፊት መስታወት ውስጥ ስታይ እንኳ ኪስህን ትዳብሳለህ” ትለኛለች።

ኑሯችን አዳማ ነው። ነገር ግን ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራች ሁለት ክፍል ቤት አለችን። ፈረንሳይ ጠቅልሎ ከገባ ወዳጄ ላይ የተረከብኳት ናት። አስካለን ቁርጥማት ስለሚያሠቃያት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ እዚያ ሙቀት ላይ እንከርምና፣ ፀሐዩ እውነተኛ መልኩን ማሳየት ሲጀምር ወደ አዳማ እንመለሳለን። በቀረው ጊዜ ቤቷ ተዘግታ ትቆያለች። ውስጧ ፍሪጅ አለ፣ ኤሲ አለ፣ አልጋና ቁም ሣጥን አለ። ሃያ ስምንት ዓመት መሪ የጨበጥኩበት ድካም ሁሉ እዚያች ቤት ውስጥ ስላለ፣ አዳማ ተኝቼ የማስበው እሷኑ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት በሩ ላይ አንድ ቁልፍ አንጠለጠልኩ። በሁለተኛው ዓመት ሦስት አደረግኳቸው። ግርማ የሚባል፣ እኔው መኪና ያስለመድኩት፣ አሁንም በመስመሩ ላይ የሚሠራ ሾፌር አለ። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ በሩን አየና፣ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁልፍ አይደለም። ‘ባለቤቶቹ የሉም፣ ዕቃው ግን አለ’ ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው” አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ብዙ ቀን ካሰብኩ በኋላ ነው ያ የተረገመ ሐሳብ የመጣልኝ።

ጅቡቲን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። እኩለ ቀን አለፍ ሲል ጫቱ ከአገራችን ይገባል። ያኔ ሥራ የሚባል ነገር ያበቃና ወንዶቹ በየቤቱ ተሰብስበው ይቅማሉ። ምንጣፉ ላይ በጫማ ስለማይወጣ ጫማው ሁሉ ደጃፍ ላይ ይቀራል። መንገደኛው ጫማውን አይቶ እዚያ ቤት ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል፤ የማን ጫማ እንደሆነ የሚለዩም አሉ። ታዲያ ደጃፉ ላይ ሰባት ጥንድ የወንድ ጫማ ያለበትን ቤት የትኛው ሌባ ይደፍራል?

ለግርማ ነገርኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ መኪኖች የሚያድሩበት ቦታ ካሉት ሾፌሮች ያረጀ ጫማ ለምኖ አንድ ማዳበሪያ ሞልቶ አመጣልኝ። ሸበጥ አለ፣ ሲሊፐር አለ፣ ከኋላው የተረገጠ የቆዳ ጫማም አለ። አንዱ ጥንድ ሁለቱም የግራ እግር ነበሩ። ግርማ ሊጥላቸው ሲል፣ “ተው፣ ሌባ ቀኝና ግራ አይለይም” ብዬ ተቀበልኩት።

በረንዳችን በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ከውጭ ያሳያል እንጂ እጅ አያስገባም። ሰባቱን ጥንድ እዚያ ዘረገፍኳቸው። ተሰልፈው ከታዩ ውሸት ይመስላል ብዬ አንዱን ገለበጥኩት፣ አንዱን በጎኑ አስተኛሁት፣ አንዱን በሌላው ላይ አነባበርኩት። በዚህ አላበቃሁም። አሮጌ ሬዲዮ ነበረችኝና በአማርኛ የሚያወራ ጣቢያ ላይ አድርጌ፣ ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጌ ውስጥ ተውኳት። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሲመጣ እንደገና ማውራት ትጀምራለች። ከበር ውጭ ሆኜ ሳዳምጥ ቤቴ በሰው የተሞላ መሰለኝና በራሴ ኮራሁ።

“ለሐዋ ብንነግራትስ?” አለች አስካለ።

ሐዋ ፊት ለፊታችን የምትኖር፣ ደጃፏ ላይ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ የምትሸጥ የሱማሌ ሴት ናት። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል።

“ለአንድ ሰው ከነገርሽማ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው” አልኳት። “ከዚያ ጫማው ምን ሊረባን ነው?”

“ሰፈሩ ሁሉ ሌባ ነው?”

“እኔ እንዲያ አላልኩም።”

አላልኩም፤ ግን አስቤዋለሁ። እንዲያውም ስንወጣ ሰው እንዳያየን ብዬ የጫቱን ሰዓት መረጥኩ። በዚያን ሰዓት መንገዱ ላይ ድመት እንኳ አይታይም። ሻንጣችንን አንጠልጥለን፣ ማንንም ሳንሰናበት፣ በገዛ ሰፈራችን እንደ ሌባ ግድግዳ ለግድግዳ ሄድን። ለአስካለም ሌላ ሕግ አወጣሁላት። ከጅቡቲ ቁጥር ከተደወለ እንዳናነሣ አልኳት። ሌባ ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚያጣራው ደውሎ ነው።

አዳማ እንደገባን ለጥ ብዬ ተኛሁ። በዓመታት ውስጥ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። የጅቡቲ ቁጥር ነው። አላነሣሁም። ደግሞ ጮኸ። በማግሥቱ ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ተደወለ።

“አየሽ?” አልኳት አስካለን። “እያጣሩ ነው።”

“ሌባ አሥራ አንድ ጊዜ ይደውላል?”

“ቢቸግረው ነዋ። ጫማውን አይቶ ግራ ገብቶታል።”

እንዲያውም ሳቅኩ። ሳቄን ያቋረጠው ከአራት ቀን በኋላ የደወለው ግርማ ነው።

“ጋሼ፣ የት ነህ? ቤትህ ተሰብሯል” አለኝ።

“ሌባ ገባ?”

“ኧረ ሌባ አይደለም፤ ሰፈሩና ፖሊስ ነው። ቤትህ ውስጥ ሰባት ሰው ሞቷል እየተባለ ነው የሚወራው።”

ግርማ የነገረኝን አገጣጥሜ ስረዳው፣ ሰፈሩ እኔን ደላላ ነው ብሎ ደምድሟል። ወደ የመን የሚሻገሩ የአገራችን ልጆች በከተማው በኩል እንደሚያልፉ፣ አንዳንድ ደላላም ጀልባ እስኪገኝ ቤት ዘግቶባቸው እንደሚሄድ እዚያ የማያውቅ የለም። ሰባት ወንድ፣ የተቆለፈ በር፣ ስልክ የማያነሣ ባለቤት። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

በማግሥቱ ባቡር ተሳፈርን። አስካለን ቅሪ ብላት፣ “ስትታሰር ስንቅ የሚያመላልስልህ ማን ነው?” አለችኝ። መንገዱን ሁሉ እኔ የማስበው ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ እስር ቤት፣ ሌላው በር የሌለው ቤቴ። እውነቱን ልናገርና፣ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነበር። በሩ ከወደቀ ስድስት ቀን ሆኖታል። ፍሪጁን የተሸከመው፣ ኤሲውን የነቀለው፣ ቁም ሣጥኑን በጋሪ የጫነው በየተራ እየታየኝ ነው የደረስኩት።

ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የበረንዳው ፍርግርግ ተፈልቅቋል፤ በሬም ከነመቃኑ ወልቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በሩ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሐዋ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግታ ተቀምጣለች። በካርቶን ቁራጭ እያራገበች ነው። እንዳየችኝ አልተነሣችም፤ ሰላምም አላለችኝ።

“ልጆቹን የት አደረስካቸው?” አለችኝ።

“የምን ልጆች?”

“አቦ አትቀልድብኝ! ሰባቱን ነዋ።”

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ሴቶቹ ልጅ እንዳዘሉ መጡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ረጅም ፖሊስ ደረሰ። የሚያወራው በፈረንሳይኛ ነው፤ የእኔ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከወደብ መግቢያ በር አያልፍም። ሐዋ አስተርጓሚ ሆነች።

መጀመሪያ የነገረችኝ የራሷን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተቀይማን ነበር። ሰባት እንግዳ ተቀብለን ለጎረቤት አላስተዋወቅንም፤ እንግዶቹም ወጥተው ሰላም አይሉም። በሁለተኛው ሳምንት መፍራት ጀመረች።

“እንዲህ ባለ ሙቀት ሰባት ወንድ ከእኔ አንድ ጠርሙስ ውሃ አልገዛም” አለችኝ። “ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ሰው ቀስ ብሎ ያወራል። አንዳንዴ ማውራቱ ይቀርና ሽ… እያለ የሚያቃስት ይሰማል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። አልቀዋል አልኩ! ደወልኩ፣ አታነሣም። ደወልኩ፣ አታነሣም። በመጨረሻ እነዚህን ጠርቼ ፖሊስ ባለበት በሩን አስገነደስኩት።”

ሬዲዮዬ ተቃጥላ ነበር። የምታቃስተው ደግሞ ጣቢያው ሲዘጋ ነው።

ፖሊሱ ጠየቀ። ሐዋ ተረጎመች፤ “ሰው ከሌለ ጫማው ምን ይሠራል ይልሃል።”

ዞር ብዬ አስካለን አየሁ። አስካለ ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

“ሌባ እንዳይገባ ነው” አልኩ።

ሐዋ ተረጎመችው። ሕዝቡ ተያየ።

“የቱ ሌባ? ይልሃል።”

እንግዲህ ምን ልበል? እነዚህ ሁሉ ሰዎች ከበውኛል። በረንዳዬ ላይ በሩን ሲሰብሩ ይዘዋቸው የመጡት ነገሮች እንዳሉ ተቀምጠዋል። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ሳህን ቴምር፣ በጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ። ለሰባቱ ልጆች ነው። እናንተን ፈርቼ ነው ልበላቸው?

“ከሌላ ሰፈር የሚመጣ” አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጨመርኩበት፤ “ከባልባላ ምናምን…”

ሐዋ ስትተረጉም የፖሊሱ ፊት ተለወጠ።

“እኔ የምኖረው ባልባላ ነው ይልሃል።”

ላቤ እስከ ካልሲዬ ወረደ። ፖሊሱ በረንዳው ላይ ጎንበስ አለና ከጫማዎቹ አንዱን ጥንድ አነሣ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ፊቱን ሳያፈታ አንድ ነገር ተናገረ። ሐዋ ከመተርጎሟ በፊት ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

“ይሄኛው እንግዳህ ሁለት ግራ እግር አለው ወይ? ይልሃል።”

ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ሁለት ግራ እግር ያለው ሰው እንዴት እንደሚራመድ ለልጆቹ ማሳየት ጀመረ። አስካለ፣ የገዛ ሚስቴ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፖሊሱም በመጨረሻ ጥርሱን አሳየ። ስሜን ጻፈ፣ ሁለተኛ ስልኬን እንዳነሣ አስጠነቀቀኝና ሄደ።

ያልሳቀችው ሐዋ ብቻ ናት። ሕዝቡ ሲበተን፣ “ወላል” አለችኝ፤ በቋንቋቸው ወንድሜ ማለት ነው። “የእህቴ ልጅ በዚሁ ባሕር ወጥቶ ቀርቷል። በሩ ሲወድቅ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ባዶ ነው። ባዶ ቤት አይቼ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ በደስታ።”



ወደ ውስጥ ገባን። ፍሪጁ በቦታው አለ። ኤሲው አለ። ቁም ሣጥኑም እንደተዘጋ ነው። በሩ አልገጥም ስላላቸው ስድስት ቀን ሙሉ በተራ ሲጠብቁልን ከርመዋል። ቀን ሐዋ ትቀመጣለች፣ ስትደክም ልብስ ሰፊው ይተካታል፣ ማታ ዳቦ ጋጋሪው አጎበሩን ይዞ በረንዳዬ ላይ ይተኛል። አስካለ መስኮት ላይ ረስታው የሄደችው የወርቅ ጉትቻ በመሐረብ ተቋጥሮ ሐዋ ጡት መያዣ ውስጥ ነበር። አውጥታ ሰጠቻት። እነሱ ይህን ሲያደርጉ እኔ አዳማ ተቀምጬ ስልኳ ሲጮህ፣ “ሌቦቹ” እያልኩ እስቅ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሰርቄ ተናድጃለሁ፤ ሳልሰረቅ ያፈርኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

በሩን ሰፈሩ ተጋግዞ ገጠመልን። ወደ አዳማ ስንመለስ ዞረን ሁሉንም ተሰናበትን፤ ቁልፉንም ለሐዋ ሰጠኋት። እሷም ተቀብላ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ከውሃ ማስቀመጫዋ በላይ ካለው ምስማር ላይ አንጠለጠለችው። ልከለክላት ፈልጌ አፌን ያዝኩ።

ባለፈው ኅዳር ስንገባ ፍሪጃችን ሙሉ ነበር። የሐዋ ውሃ አለ። የልብስ ሰፊው የስኳር መርፌም አለ፤ የእሱ ቤት ፍሪጅ የለም። ከታች ደግሞ የማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ትልቅ ዓሣ ተጋድሟል። አስካለ፣ “ቁጠር እስቲ፣ የጎደለ አለ?” ብላ ሳቀችብኝ። አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳና አንድ አይቼው የማላውቅ ሽማግሌ ዓሣውን ሊወስድ እንደመጣ በእጁ አሳየኝ። ገባ፣ ቢላ ጠየቀን፣ ዓሣውን ለሁለት ከፈለና ግማሹን ትቶልን ሄደ።