በጠፍር የምትሄደው ትራክተር

ባለቤቴ በሬያችንን በትራክተር የለወጠው በየካቲት ወር፣ እኔ ገበያ በዋልኩበት ቀን ነው። ስመለስ በሬው ይታሰርበት ከነበረው ግንድ አጠገብ ቁመቷ ከወገቤ የማይበልጥ፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ የተኛችባት አንዲት ብረት ቆማ አገኘሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ትራክተር።»

«በሬውስ?»

«እሱም ትራክተር ሆነ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። የምንኖረው ከነቀምቴ ትንሽ ወጣ ብለን ነበር። ትራክተሯን አንድ የውጭ አገር ሰው የጎመንና የካሮት ቦታውን ሊያርስባት አምጥቷት፣ አገሩ ሲገባ ለአንድ ነጋዴ ሸጧት ሄደ። ነጋዴው ሞተሯ እምቢ ሲለው ጓሮ ጣላት። ባለቤቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር አጥሩን ተደግፎ ሲያያት ይቆይ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ሌላው ወንድ ቆንጆ ሲያይ እሱ ትራክተር ያይ ኖሯል።

በሬው የኛ ቢሆንም ቀንበሩ የኛ ብቻ አልነበረም። እኛ አንድ በሬ ነበረን፤ ጎረቤታችንም አንድ በሬ ነበራቸው። እንደ አገሩ ልማድ ተቀናጅተን፣ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደን፣ አንድ ቀን የኛን፣ አንድ ቀን የሳቸውን እናርስ ነበር። ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው ኦሮሞ ሴት ናቸው። እኔ «አዴ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸው «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የሚያርሱት የሌላ ሰው መሬት ነው። ባለመሬቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ «መሬቴን ጦም ታሳድርብኛለች» እያለ ሰበብ ሲፈልግ ከርሞ፣ ግንቦት ሳያልቅ በቆሎው ተዘርቶ ካላየ ለሌላ ጭሰኛ እንደሚሰጠው በወኪሉ አስነግሯቸዋል። የኛን ቁራሽ መሬት ግን ከሸዋ የመጣው አባቴ ነው ያወረሰኝ፤ ጦሙን ቢያድርም የሚነጥቀን የለም። አጥፊዎቹ እኛ፣ የሚነቀሉት እሳቸው። ይህ ነገር ያን ዓመት እንቅልፍ ነሳኝ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም።

«የአዴን በሬ ከማን ጋር ልትጠምደው ነው? ከዚህ ብረት ጋር?» አልኩት።

«ትራክተሯ የሁለታችንንም በሁለት ቀን ትጨርሰዋለች።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የሳቸውን ታርሳለህ።»

«እሺ።»

«ማል።»

ማለ።

በነጋታው ነጋዴው ዘንድ ሄጄ ልውውጡ ይፍረስ ብዬ ጮህኩ። «በሬውማ ወደ ሸዋ ከሚነዱት ከብቶች ጋር ሄዷል፤ እህቴ፣ እግር ካለሽ ተከተይው» አለኝ። እስከ ባኬ ጃማ ሰፈር ድረስ እየዞርኩ ነጠላ በሬ ያለው ሰው ጠየቅሁ። ያለው ሁሉ ከሰው ጋር ተቀናጅቶ ጨርሷል። የሰው ቀንበር አፍርሼ ደግሞ ሌላ ግፍ አልሠራ።

አዴ ደጃቸው ላይ የበቆሎ ዘር ሲመርጡ አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። ነቀዝ የበላውን ፍሬ ለቅመው ጣሉ።

«ባልሽ ብረት ወደደ» አሉ። «ካረሰልኝ እኔም እወደዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ከጸሎት መልስ ግቢያችን በሰው ይሞላ ጀመር። በአገሩ ሞተር የሚወድ ወንድ ሁሉ መካሪ ሆነ። ከሁሉ የማይጠፉት ሦስት ነበሩ። አንደኛው የወፍጮ ቤቱን ሞተር የሚያስነሳው ሰው ነው፤ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሦስተኛው በጦር ሠራዊት ጋራዥ ያገለገሉ ሽማግሌ ወታደር ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች «የሞተር ማኅበር» አሏቸው። አንዷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ጽዋው የት አለ? ዝክሩስ በማን ነው?» ስትል ሾፌሩ የተቃጠለ ዘይት የያዘ ጣሳ አንሥቶ «ቅመሺ!» አላት።

ሦስቱ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። ሾፌሩ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ነው የሞተው ይላል። ወታደሩ ካንዴላውን ነቅለው፣ አሽተው፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቀው መልሰው ያስገቡና «ካንዴላ አይሞትም፤ የሚሞተው ሾፌር ነው» ይላሉ። የወፍጮው ሰው ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ «ዝም በሉ፣ እየተነፈሰች ነው» ይላል። ባለቤቴ በሦስቱም ምክር ይሠራል፤ አንዱ የፈታውን ሌላው ያስራል፣ ያኛው ያሰረውን ይሄኛው ይፈታል። አዴ አንዳንዴ ይመጡና ከግንዱ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «አካም፣ እንዴት ሆነች፣ ተነሣች?» ይላሉ። «ትነሣለች፣ አዴ» ይላቸዋል ባለቤቴ። በሬያቸው ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ እየሰባ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሞተሯ ተነሣች። ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሣች። ወንዶቹ ተቃቀፉ። ነገር ግን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይዞርም፤ ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ቺንጋ፣ ያ የላስቲክ ቀበቶ፣ አይጥ በልቶት ኖሯል። ሾፌሩ አዲስ አበባ ድረስ ልኩን ፈልጎ አጣ።

መላውን ያመጣው የወፍጮው ሰው ነው። የወፍጮው ቺንጋ ሲበጠስ ከበሬ ቆዳ በተቆረጠ ጠፍር ጠግኖት ዓመታት ሠርቷል። «ለድንጋይ ያልተበገረ ጠፍር ለዚች ሊያንስ ነው?» አለ። ወታደሩ እንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቃወሙም። ቆዳው ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ፀሐይ ላይ ተወጥሮ ደርቆ ተገጠመ። ትራክተሯ በደረቁ ግቢያችን ውስጥ ግንዱን ዞረች። ሞፈር የሚያክል እንጨት አስረው አስጎተቷት፤ ጎተተች። ሕፃን አዋቂው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አዴ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁን፤ ያን ምርቃት ምነው ባልሰማሁት።

በደረቁ ጊዜ የኛን ቀይ አፈር እንዲህ ያለች ትንሽ ብረት አትነካውም። ዝናብ መጠበቅ ግድ ሆነ። ግንቦት ላይ ሁለት ሌሊት ዘንቦ አፈሩ ሲለሰልስ፣ ባለቤቴ ቃሉን ጠብቆ ትራክተሯን መጀመሪያ ወደ አዴ ማሳ ነዳት። ማኅበሩ በሙሉ ተከተለ። አንድ ፈር ቀደደች። ሁለተኛውን ጀመረች። ካፊያ ጀመረ። ማሳው መሃል ስትደርስ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ቆመ።

ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ረዝሟል፣ እንደ ተቀቀለ አንጀት ተንጠልጥሏል። በሞፈር የሚያርስ ሰው ሁሉ ጠፍር በዝናብ እንደሚላላ ያውቃል፤ በየጠዋቱ እየፈታን የምናጠብቀው እኛው ነን። የወፍጮው ጠፍር ግን ጣራ ሥር ነው የሚኖረው። አፈሩ የሚለሰልሰው በዝናብ፣ ጠፍሩ የሚይዘው በፀሐይ። ይህን ከዚያ ሁሉ መካሪ አንድም ሰው አላሰበውም።

አሳጥረው ሰፉት፤ መልሶ ላላ። ቆርቆሮ አለበሱት፤ በሥር ረጠበ። ሾፌሩ ውሃ እንዳይገባው በሞራ እንቀባው አለና ተቀባ፤ ይባስ ተንሸራተተ።

«ወጥ አደረግኸው!» አሉ ወታደሩ።

«የወፍጮ ቤት ምክር ይዘን እኮ ነው» አለ ሾፌሩ።

«የኔ ወፍጮ ይፈጫል! የናንተ ምን ያርሳል?»

«ግንቦት የማያልቅ መሰላችሁ?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ምላሳችሁን ጠምዳችሁ እረሱ!» ጠፍሩን እንደገና ሊያሳጥሩ ጎንበስ አሉ። ዝናቡም አላባራ አለ።

እኔና አዴ ዶማ ይዘን ወረድን። ባለቤቴም መጣ፤ መካሪዎቹም አንድ ቀን መጥተው ቆፈሩ፣ ከዚያ ሾፌሩ መንገድ ሄደ፣ የወፍጮው ሰው ሥራ በዛበት፣ ወታደሩ ወገባቸውን ያዛቸው። ሰፈሩን ደቦ ለመንኩ፤ ሁሉም የራሱ እርሻ አናቱ ላይ ነው፣ አልፈርድበትም። መዳፌ ተልጦ ዶማው እጀታ ላይ ይጣበቅ ነበር። ቆፍረን ከእርሻው ግማሽ እንኳን አልደረስንም።

ግንቦት ሲያልቅ የባለመሬቱ ወኪል በበቅሎ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ ማሳውን፣ መሃሉ ላይ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረችውን ትራክተር፣ እኛን አየ።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አልኩት። «በሬያቸውን ነጠላ ያስቀረነው እኛ ነን። ቅጣት ካለ ከኛ መሬት ውሰዱ።»

«የናንተ መሬት የጌታዬ አይደለማ።»

«ፍርድ እኮ ነው የምልህ!»

«ሴትዮ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ያላረሰ ይለቃል» ብሎ በቅሎውን መለሰ።

የዚያን ዕለት ባለቤቴ ፊት ለአዴ ከመሬታችን ግማሹን ይረሱ አልኳቸው። ባለቤቴ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ይሁን» አለ።

«በምን በሬ?» አሉ አዴ። በቁጣ አልነበረም። ይህን ብለው ነጠላ በሬያቸውን ሊያበሉ ወጡ።

ወደ ጊምቢ በኩል ወንድም አላቸው። እሱ ዘንድ ሊጠጉ ሲነሡ ዕቃቸው የአንዲት አህያ ጭነት አልሞላም። የመረጡትን ዘር በከረጢት ራሳቸው አዘሉት፤ ልሸከምልዎት ብላቸው አልሰጡኝም። በሬያቸውን እየነዱ ቀደሙ፣ እኔ ከኋላ እስከ ወንዙ ሸኘኋቸው። «ኢንታላ ኮ፣ ይብቃሽ» ሲሉኝ ቆምኩ። ይቅር በሉን ማለት ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም፣ አላውቅም። መንገዱ ሰፊ ነበር፣ ሰው አልነበረበትም። በሬው ግን የግራውን ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። ከቀንበር በግራ በኩል ነበር የምንጠምደው፤ በቀኙ የኛን በሬ ቦታ ትቶ፣ እስከ ማዶ እንደዚያው ሄደ።