በኦቦ ጋዲሳ ድምፅ ሱሉልታ ደርሶ መልስ

ሙድ አልያዝኩባቸውም አልኩ! ስንቴ ልማል? አንተ ዓለም ገና ታክሲ ተራ ቆመህ «ቢኒ የታመመ ሽማግሌ ላይ ሙድ ያዘ፣ ከዛ ሥራቸውን ወሰደ» እያልክ የምታወራው፣ ሱሉልታ ነበርክ? አልነበርክም። እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አፍህን ዘግተህ ስማ፣ እናንተም ስሙ፣ ከቤቴ ደጃፍ ጀምሬ ልንገራችሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው። የዶሮ መኖ የሚሸጥ ድርጅት አለ፣ መጋዘኑ ሱሉልታ ነው። እኛ ስልክ አንሺዎቹ ግን ቢሮ የለንም፤ ሁሉም እቤቱ ተቀምጦ ትእዛዝ ይቀበልና በቴሌግራም ወደ መጋዘኑ ይልካል። የሰበታ መስመር የኔ ነው፣ የቡራዩ የኦቦ ጋዲሳ። በየቀኑ እናወራለን፣ ፊታቸውን ግን አይቼ አላውቅም። ድምፃቸው! እንደዛ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። «ሃሎ! ጋዲሳ ነኝ፣ ቡራዩ! ዶሮዎቹ እንዴት አደሩ?» ሲሉ ደንበኛው ሳያስበው አንድ ኩንታል ይጨምራል።

ከዛ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑና ድምፃቸው ጠፋ። ድምፅ የሌለው ስልክ አንሺ ማለት እግር የሌለው ኳስ ተጫዋች ነው። ቤተሰባቸው ደግሞ የሚኖረው በዛች ስልክ ነው። በጽሑፍ ለመኑኝ፣ ስልካቸውን ወደኔ አዞሩት፣ እኔም በሳቸው ድምፅ ማንሳት ጀመርኩ። ሰው ማስመሰል ላይ ከጅማ መንገድ እስከ ጎጃም መንገድ የሚያክለኝ የለም። ከስድስተኛ ክፍል የተባረርኩት በዳይሬክተሩ ድምፅ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ወደ ቤት ሸኝቼ ነው። ደንበኛ አልነቃም። አለቃችን እትዬ ሙሉም አልነቁም።

ችግሩ ዓመታዊ ስብሰባው ነው። ሁሉም በአካል መጋዘኑ ይገናኛል፤ ያልመጣ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል። ስለዚህ እቅዴ ቀላል ነበር፤ ቡራዩ ሄጄ ኦቦን እወስዳለሁ፣ «ጉንፋን ይዟቸዋል» እላለሁ፣ በልተን እንመለሳለን።

ሰበታ፣ ጠዋት

ሲነጋ ወጣሁ። ጭጋጉ ፋብሪካዎቹን ውጧቸዋል፤ ሠራተኞቹ ጋቢና ጃኬታቸው ውስጥ ተቀብረው ሰርቪስ ይጠብቃሉ። አንድም የሚያወራ የለም። ሚኒባሱ መስኮቱ አይዘጋም፣ ብርዱ በነፃ ይገባል። ዓለም ገናን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ።

«ኦቦ፣ ዛሬ አይቀሩም አይደል?» በኦቦ ቁጥር የደወሉት እትዬ ሙሉ ናቸው።

ብልህ ሰው ቢሆን ትንሽ ያስል ነበር። ግን ታክሲው ሙሉ ሰው ተቀምጦ እንዴት ብዬ ላበላሸው? «ጋዲሳ ነኝ፣ ቡራዩ! እንዴት እቀራለሁ? ዶሮዎቹ እንዴት አደሩ?» ብዬ ሚኒባሱን አናጋሁት።

ወያላው ዞሮ አየኝ። «ወንድም፣ ውስጥህ ሽማግሌ ካለ የሁለት ሰው ትከፍላለህ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አየር ጤና ወረድኩ።

ቡራዩ

በአስኮ በኩል ቡራዩ ስደርስ ግዙፍ ሰው እየፈለግኩ ነበር። አስፋልቱ ዳር የቆሙት ግን ትንሽዬ ሰውዬ ናቸው፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ተጠምጥሟል። ባለቤታቸው አደ ጫልቱ አጠገባቸው ናቸው።

«አካም ነጋ፣ ቢኒ? ልጄ፣ አደራ፣ ማንም እንዳያናግረው።»

«ለኔ ይተዉት፣ አደ። ከኔ ጋር ሆኖ የተነቃበት ሰው የለም።»

ኦቦ ጎንበስ እንድል ጠቀሱኝ። ጆሮዬ ላይ የገባው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። «በስልክ ረጅም ነበርክ» አሉኝ።

የእትዬ ሙሉን ነገር ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በጣም ጮህክ?»

«ትንሽ» አልኩ።

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ ወጣን። መንገዱ ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ ግራና ቀኙ ጣሪያ ያልወጣላቸው ቤቶች ናቸው። የሱሉልታ ብርድ ሰው ይመርጣል ይላሉ። ውሸት ነው፣ ለሁሉም ይበቃል።

ሱሉልታ

እትዬ ሙሉ በር ላይ ያዙን። ስለ ጉንፋኑ ስነግራቸው ሳቁ። «ምን ጉንፋን! ጠዋት እኮ እንደ ኮርማ ሲያገሱ ነበር!» የኔ እቅድ እዛች በር ላይ ሞተ።

ውስጥ ገብተን ጨዋታ ተጀመረ። ሁሉም በተራው የመኖ ጆንያ ክምር ጀርባ ተደብቆ ስልክ እንደሚያነሳ ያወራል፣ ሌላው ማን እንደሆነ ይገምታል። የኦቦ ተራ ሲደርስ እኔም ተሹለክልኬ አብሬያቸው ገባሁ። «ዶሮዎቹ እንዴት አደሩ?» ስል መጋዘኑ ተነቃነቀ። «ጋዲሳ! ጋዲሳ!» ጭብጨባ! እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ሐውልት ይገባኝ ነበር።

ምግብ ቀረበ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ዶሮ አውርተን የቀረበልን ምስርና ቀይ ሥር ነው። ታዲያ ሳይመረቅ አይበላም። የሚመርቀው ደግሞ በዕድሜ ትልቁ ነው።

«ኦቦ ጋዲሳ፣ በዛ ድምፅዎ ይመርቁን» አሉ እትዬ ሙሉ።

ኦቦ ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። አሁን ሲጮሁ የሰማ ሰው ምን ያስብ? ቀልድ መሰለው። የለገጣፎ መስመሩ ልጅ ቀድሞ ሳቀ፣ ከዛ መጋዘኑ በሙሉ።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ዘልዬ አጠገባቸው ቆምኩና ከንፈራቸውን እያየሁ በሳቸው ድምፅ መመረቅ ጀመርኩ፤ «ቤታችሁ ይሙላ! ከክፉ ይጠብቃችሁ!» እናንተ ሙድ የምትሉት ይሄን ነው። ልሸፍናቸው ነበር! ሰዉ ግን ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ።

ኦቦ ዞረው መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ። ቀስ ብለው፣ ሕፃን ዝም እንደሚያሰኙ። ያኔ ሳቁ ቆመ። ምርቃታቸውን በትንፋሽ ጨረሱት፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ የመጨረሻዋን ሰማኋት፤ «ድምፃችሁ አይጥፋ።» አሜን ያለው የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው፤ ኋላ ያለው አልሰማም።

የጠዋቱ ጩኸት የማን እንደነበር የገባቸው እትዬ ሙሉ ፊታቸው ጠቆረ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። ከዛ ኦቦን ድምፃቸው እስኪመለስ እቤት ይረፉ አሏቸው። ዶክተሩ ይመለሳል ብሎ እንዳልነገራቸው የምናውቀው ሁለታችን ነን። የቡራዩን መስመር ለኔ ሰጡ። ስጡኝ አላልኩም፤ ምስሩን እንኳ አልቀመስኩም።

መልስ

ሲመሽ ቡራዩ ደረስን። አደ ጫልቱ እዛው አስፋልቱ ዳር ነበሩ፤ ፊታችንን አይተው አልጠየቁም። ኦቦ ከመውረዳቸው በፊት ጆሮዬን ሳቡት።

«ከነገ ጀምሮ በራስህ ድምፅ አንሳ።»

ሰበታ ገባሁ፣ ተኛሁ፣ እንቅልፍ የለም። ጠዋት የመጀመሪያው ደዋይ ገፈርሳ ዶሮ የሚያረቡት ኦቦ ቶሎሳ ሆኑ።

«ሃሎ፣ ቢኒያም ነኝ።»

«ማን? ጋዲሳን ስጠኝ።»

«ታመዋል፣ ኦቦ። ድምፃቸው ከጠፋ ቆይቷል።»

«ከትናንት ወዲያ አናግሮኛል! ዶሮዎቼን ጠይቆኛል! አንተ ነህ ያባረርከው። አታፍርም፣ ውሸታም!»

የኦቦ ድምፅ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። አንድ ቃል ባወጣ ያምኑኝ ነበር። ዋጥኩት፤ እሳቸውም ስልኩን ዘጉት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይሄንን ነው፤ ስዋሽ ኩንታል የጨመረልኝ ደንበኛ እውነቱን ስናገር ስድብ ጨመረልኝ።

እናንተም አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ሂዱና ጠይቁ! የመጋዘኑን ዘበኛ ጠይቁ፣ ቀድሞ የሳቀውን የለገጣፎ ልጅ ጠይቁ። እሱም ካልበቃችሁ ቡራዩ ሂዱ፣ ኦቦ ጋዲሳን ራሳቸውን ጠይቁ። ብቻ ጠጋ በሉ፤ ከሩቅ አይሰማም።