ሽማግሌ አድርሼ ልጠፋ ስል

ትናንት፣ እሑድ ከሰዓት... ሦስት ሽማግሌዎች በመኪናዬ ጭኜ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እየወረድኩ ነው። ፍቅረኛዬን ምሕረትን ለእኔ ሊጠይቁ። አባቷ እምቢ ካሉ ምን እንደምሆን ማሰብ አልፈለግኩም።

ስለ መኪናዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማታንስ፣ ከፍ ያለች ባለ ናፍጣ ናት። ጋራዥ አታውቅም። ግቢያችን ውስጥ የምፈታትም የምገጥማትም እኔው ነኝ። ፍሬኗን አድሻለሁ፣ መብራቷን ቀይሬያለሁ፣ ወንበሯን አልብሻለሁ። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ሲጨንቀኝ እጄ አርፎ አይቀመጥም፣ ኮፈን እከፍታለሁ። ምሕረት አመሌን ስለምታውቅ ቅዳሜ ደውላ «ነገ በእግዚአብሔር እንዳትነካት!» ብላ አስምላኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቁርስ አልወርድ አለኝ። ሸሚዝ ተኮስኩ፣ ጫማ ጠረግኩ፣ እንደገና ጠረግኩ... ሰዓቱ አይሄድም። ተነስቼ የናፍጣ ፊልትሮዋን ቀየርኩ።

ተነሳች፣ ደስ አለኝ። ግን ናፍጣ መኪና ፊልትሮ ሲቀየርላት መስመሯ ውስጥ አየር ይገባል፤ ያ አየር በደንብ ካልወጣ ቆይታ ነው ጉዷን የምታወጣው። እኔ ደግሞ የት ትዕግሥት አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

መንገዱን ሙሉ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሲያስጠነቅቁኝ ነበር።

«ስማ፣ አድርሰኸን ወዲያው ትጠፋለህ። ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳይሰማ በዚያ ደጅ አይታይም። ነውር ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

በሩ ጋ አወረድኳቸው። ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። ማርሽ አስገብቼ ልሄድ ስል... ትን እንዳለው ሰው ሁለቴ ተንተፋተፈችና ጸጥ አለች። እዚያው የምሕረት አባት በር ላይ! ቁልፍ ባዞር፣ ባዞር... ወይ ፍንክች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። አየሩን ለማስወጣት አንድ ሰው ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ይጫናል፣ ሌላው ቡሎኗን ላላ ጠበቅ ያደርጋል። ብቻዬን በሁለት እጄ ስታገል የግቢው በር ተከፈተ።

አባቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን ፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ ሰው። ተያይተን አናውቅም፣ እኔ ግን በምሕረት ስልክ ላይ ፎቷቸውን አይቻለሁ።

«ምን ሆነች?» አሉኝ።

«አየር ይዛ ነው ጋሼ... ሁለት ሰው ስለሚፈልግ ነው እንጂ አሁን እሄዳለሁ።»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል። ምን ልያዝልህ?»

እምቢ ብል ነገሩ ሊያስጠረጥር ነው። ፖምፓዋን አሳየኋቸው። ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጫኑ ጀመር። እንግዲህ አስቡት... ሽማግሌዎቼ ቤት ውስጥ ቆመው መልስ ይጠብቃሉ፣ መልስ ሰጪው እኔ ጋ ፖምፓ ይጫናሉ።

«እንግዳ ካለብዎት አላቆይዎት» አልኩ ላቤን እየጠረግኩ።

«አለብኝ። ተቀመጡ ብላቸው መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ። ትንሽ ልምከር ብዬ ወጣሁ።»

«ከማን ጋር?» አመለጠኝ።

መጫኑን ተዉት።

«እኔንም የቸገረኝ እሱ ነው። እናቷ አርፋለች። ያለነው እኔና ልጄ ነን። እሷ ከሄደች እንግዲህ...»

ሳይጨርሱት እንደገና መጫን ጀመሩ፣ አሁን በኃይል።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማስበው ስለ እሺታቸው እንጂ ስለ እሳቸው አልነበረም። «እኔ ነኝ» ልላቸው አፌ ላይ ደረሰ... የጋሽ ታደሰ «ነውር» መለሰኝ።

ይሄኔ ጎንበስ ብለው ሞተሩን አሸተቱ።

«ይገርማል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልጄ ጓደኛዬ ጋ ነበርኩ ብላ በመጣች ቁጥር ሻርፗ ልክ ይሄን ይሄን ነው የሚሸተው።»

መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

«አንሳው እንጂ! ናፍጣው እየፈሰሰ እኮ ነው።»

አነሳሁት። ቡሎኗን አጠበቅኩ።

ሰውየው ሲዘገዩባቸው ሽማግሌዎቹ ተከታትለው ወጡ። ጋሽ ታደሰ እኔን ከአባቷ ጋር አንድ ኮፈን ሥር ሲያዩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«አንተ! አልሄድክም እንዴ?!»

አባቷ እጃቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ።

«ሽማግሌዎች፣ ወግ ወግ ነው። ዛሬ መልስ የለኝም። በሚመጣው እሑድ ተመለሱ።»

አንድ ሳምንት! ለእኔ ዓይነቱ ሰው... ገብቼ ቁልፍ አዞርኩ። አሁን ደግሞ ባትሪዋ ደክማለች፣ ጭራሽ ድምፅም የላት።

«ጋሼ፣ እዚሁ ጥግ ላስጠጋትና ነገ...» አልኳቸው አባቷን።

«እዚህ ካደረች ስፖኪዮዋን ያወልቁልሃል። ግቢ ትግባ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ምን ታያላችሁ? ግፉ እንጂ!»

ሦስቱ ሽማግሌዎች በነጭ ጋቢ፣ አራተኛ አባቷ፣ እኔ መሪ ላይ... እየገፉ አስገቧት። በሩን አባቷ ራሳቸው ዘጉት።

«ነገ ከሥራ በኋላ ና። ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው ብለኸኛል፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትጀምር» አሉኝ።

በታክሲ ተመለስን። ጋሽ ታደሰ ፒያሳ እስክንደርስ ጋቢያቸው ላይ ያረፈውን ግራሶ በጥፍራቸው ይፍቃሉ።

እኔ እስከ እሑድ መልስ ጠባቂ ነኝ... መኪናዬ ግን እዚያ ቤት ገብታለች።